ቅዳሜ ማታ በአዳማ ወዴት ይኬዳል?



በዚህ ዓምድ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ገበያ ዋጋ የሚጻፈውን አቤቱታ ዘወትር እከታተላለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ የሚታየው ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ስለ ፊልም ነውና። የሆነ ሆኖ አንባብያን እስከ መጨረሻው ቢታገሡኝ ነገሩ የፊልም ብቻ አለመሆኑን ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አዳማን፣ ብዙዎቻችን እስካሁን ናዝሬት እያልን የምንጠራትን ከተማ፣ የማያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። ወደ ሐረርም፣ ወደ ጅቡቲም፣ ወደ አሰላም የሚሄድ ብዙው ሰው በርሷ ያልፋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ220 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየአቅጣጫው የተሠራውን ቤት ያየ ሰው ምን ያህል እንደ ጨመረ ራሱ ይገምት። ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ሆናም ቆይታለች። የፍጥነት መንገዱ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጧት ተነሥቶ መድረስ ቀላል ሆነና የስብሰባ ከተማነቷ ጸና። ጨፌ ኦሮሚያ ሲሰበሰብበት የቆየው ገልማ አባ ገዳ የሚገኘው በዚሁ ነው። ሆቴሎቻችንም ከሰኞ እስከ ዓርብ ስማቸው የተጻፈበትን ካርድ በአንገታቸው ባንጠለጠሉ እንግዶች ይሞላሉ። ፕሮጀክተር ይበራል፤ ነጭ ሸራ ይወርዳል፤ ሰንጠረዥና ቁጥር ይታያል፤ ሻይ ይጠጣል፤ አበል ይፈረማል።

ስለዚህ አዳማ አዳራሽ ቸግሯታል የሚል ቢኖር አላምነውም። የቸገራት ያለ አበል የሚገባበት አዳራሽ ነው።

ቅዳሜ ሲመሽ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው የምለውን ያየዋል። ወጣቱ በሁለትና በሦስት እየሆነ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ብር አለች፤ የሚገባበት ቤት ግን አራት ዓይነት ብቻ ነው፤ ጫት ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ ኳስ የሚታይበት ቤትና የውርርድ ቤት። ሲኒማ የሚባል ነገር በከተማችን ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ አባት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ወይም አንዲት ወጣት ከጓደኛዋ ጋር ያለ ሥጋት፣ በየሳምንቱ በታወቀ ቀንና ሰዓት በትንሽ ዋጋ ገብቶ የሚወጣበት ልማድ የለም። እኔ የምለው ስለ ልማዱ ነው።

ይህ ልማድ በአገራችን ሲጀመርም ቀላል አልነበረም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የፊልም ማሳያ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው በሰፊው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ግን የሰይጣኑ ቤት የሰው ቤት ሆነ። አባቴ በወጣትነቱ ከናዝሬት በባቡር ተሳፍሮ ለገሃር ወርዶ፣ ፒያሳ ድረስ በእግሩ ወጥቶ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብቶ ማየቱን እስኪያረጅ ድረስ ሲያወራልን ኖሯል። እናቴ ይህን ወሬ በሰማች ቁጥር የባቡሩን ዋጋ ትጠይቀው ነበር።

አባቴ ከዋናው ፊልም ይልቅ አጥብቆ የሚያስታውሰው ከፊልሙ በፊት የሚታየውን ዜና ነበር። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን አልነበረንም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሰዉ በራዲዮንና በጋዜጣ ሰምቷል፤ እግሩን ግን አላየም። አባቴ ያን እግር ያየው ሩጫው ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሲኒማ ቤት ሸራ ላይ ነው። ማን እንዳሸነፈ ሁሉም እያወቀ አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ «በርታ! በርታ!» እያለ ይጮኽ እንደ ነበር ይነግረን ነበር። ሲወጡም የማይተዋወቁ ሰዎች በር ላይ ቆመው ስለ ጫማና ስለ ባዶ እግር ሲከራከሩ ባቡሩ ሊያመልጠው ነበር።

እኔ የደረስሁበት ዘመን የቪዲዮ ቤት ዘመን ነው። በ1980ዎቹ በናዝሬት፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ነበር። ምልክቱ በር ላይ የተደገፈ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ በጠመኔ የፊልሙ ስምና የአክተሩ ስም ይጻፍበታል። ውስጡ የእንጨት አግዳሚ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ መስኮቱ ላይ የተወጠረ ጥቁር ጨርቅ ነው። መግቢያው በሳንቲም ነበር። የህንድ ፊልም ከሆነ ሦስት ሰዓት ሙሉ እናለቅሳለን፤ ካራቴ ከሆነ ወደ ቤት ስንመለስ የሰፈሩ አጥር አይተርፍም። እንግሊዝኛውንም ሆነ ሂንዲውን የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ቢሆንም ሁልጊዜ አንድ «አውቃለሁ» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ እርሱ በኦሮምኛ ለግራው፣ በአማርኛ ለቀኙ ይተረጉማል። ግማሹን ከራሱ እየፈጠረ እንደ ነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ከእውነተኛው ታሪክ የርሱ ይሻል እንደ ነበርም እጠረጥራለሁ። «አክተር አይሞትም» የሚለው ሕግ ደግሞ ለሁላችንም አንድ ነበር። አክተሩ ሲመታ ሁሉም ያዝናል፤ ሲነሣ ሁሉም ያጨበጭባል።

ወላጆቻችን ቪዲዮ ቤትን ይጠሉ ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ የሚገኘው እዚያ ነበር፤ ማታ ማታም ለልጅ የማይገባ ነገር የሚያሳይ አልጠፋም። እኅቶቻችን አይገቡም ነበር፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ስለዚህ ያ ቤት እንዳለ ይመለስ አልልም። ቤቱ የጠፋው ግን ተሻሽሎ በሌላ ስለተተካ አይደለም። ሲዲና ፍላሽ መጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ በየሳሎኑ ገባ፤ ቀጥሎ ሁሉም ነገር በየሰው ኪስ ውስጥ ሆነ። አንድ ቤተ ሰብ አምስት ስልክ ቢኖረው ማታ ማታ አምስት ፊልም ይታያል፤ አንዱም አንዱን «ምን ሆነች?» ብሎ አይጠይቅም።

አብሮ ማየት የቀረልን በኳስ ብቻ ነበር፤ አሁን እርሱም ተበላሽቷል እላለሁ። ቀድሞ በኳስ ማሳያ ቤት የአርሴናል ደጋፊ በአንድ ወገን፣ የማንቸስተር ደጋፊ በሌላ ወገን ተቀምጦ ይሰዳደብና ይሳሳቅ ነበር። ዛሬ በጎኔ የተቀመጠው ወጣት የአርሴናል መለያ ለብሶ አርሴናል ጎል ሲያገባ ራሱን ይይዛል። «ምነው ልጄ?» ብለው የውርርድ ወረቀቱን አሳየኝ፤ ለካስ በራሱ ቡድን ላይ ተወራርዷል! አምሳ ሰው በአንድ ቤት ተቀምጦ ለአምሳ ወረቀት ይጸልያል። ከጎልም በኋላ የአንዱ እልልታ ለሌላው መርዶ ነው። ይህን ሳይ የአባቴ ሲኒማ ቤት ትዝ ይለኛል፤ እዚያ ሰው ሁሉ ውጤቱን እያወቀ በአንድነት ይጮኽ ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ስብሰባ ተከለከለ፤ አዳራሾች ተዘጉ። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ፤ በማግሥቱ ኢንተርኔት ተቋረጠና ሦስት ሳምንት ያህል ሳይመለስ ቆየ። በነዚያ ቀኖች በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ይልቁንም በሻሸመኔ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ንብረት ተቃጠለ። እኛ በአዳማ በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። ስልኩ ዝም ሲል በአጥር ላይ መነጋገር ተጀመረ። ለዓመታት ከሰላምታ ያላለፈ ጎረቤቴ «እርስዎ ዘንድ ምን ተሰማ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰማነውም ሁሉ እውነት አልነበረም፤ ሐሰት በእግርም ይሄዳል። ልዩነቱ በእግር የመጣውን ሐሰት ማን እንዳመጣው ፊቱን ታየዋለህ፤ ነገ መልሰህ ትጠይቀዋለህ። በስልክ የመጣውን ማንን ትጠይቃለህ?

የፊልም ቤት ቢኖር ያ ክፉ ቀን ባልመጣ ነበር የሚል ቂልነት የለብኝም። የዚያ ነገር ሥሩ ሌላ ነው፤ እርሱን የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የምለው ይህን ነው። በዚያ የእንጨት አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጥን ልጆች፣ ኦሮምኛ የሚናገረውም አማርኛ የሚናገረውም፣ ከወንጂ በጋሪ የመጣውም፣ እርስ በርሳችን በስም እንተዋወቅ ነበር። ዛሬ የሃያ ዓመት ልጄ በስልኩ የሚያውቃቸው ሰዎች በሺህ ይቆጠራሉ፤ የአጥራችንን ወዲያኛ ልጅ ስም ግን ጠይቄው አላወቀም።

ስለዚህ አሳቤ አጭር ነው። ከከተማው አዳራሾች አንዱ ቅዳሜና እሑድ ለሕዝብ ይከፈት። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ለልጆችና ለቤተ ሰብ፣ እሑድ ከ10 ሰዓት ለወጣቶችና ለአዋቂዎች ቢሆን፣ ባጃጅ ሳይጠፋና ሳይወደድ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ዋጋው ከአንድ ቡና ከነቁርሱ አይብለጥ። አንድ ሳምንት የአማርኛ፣ አንድ ሳምንት የኦሮምኛ ፊልም ይታይ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ በተደረገው የአፍሪካ የፊልም በዓል አንደኛውን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው፤ ከከተማችን ወጣቶች ስንቱ በትልቅ ሸራ ላይ እንዳየው ብጠይቅ መልሱ የሚያሳፍር ይመስለኛል። ከፊልሙም በፊት እንደ ጥንቱ አሥር ደቂቃ ዜና ይኑር፤ የሚያዘጋጁትም የሰፈር ወጣቶች በስልካቸው ይሁኑ። የፈሰሰውን ቧንቧ፣ የፈረሰውን መንደር፣ የተተከለውን ዛፍ ቀርጸው ያሳዩን። ያን ጊዜ ባለሥልጣኑም ባለጉዳዩም አንድ ሥዕል አይተው ይከራከራሉ።

«ማን ይመጣል?» የሚሉኝ አሉ። ባለፈው በጋ በእድራችን ድንኳን ውስጥ ልጆች ፕሮጀክተር ተውሰው፣ ነጭ አንሶላ ወጥረው ፊልም አሳዩ። የለቅሶ ወንበር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳቅ ዋለ። ስድሳ ወንበር ነበረን፤ ሞልቶ ሰው ቆመ። ነፋስ አንሶላውን እያወዛወዘ የአክተሩን ፊት ሲያጣምመው ሳቁ ይብስ ነበር። ከቤታቸው እምብዛም የማይወጡ አንዲት እናት ከፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ ክፉው ሰውዬ ከኋላ ሲመጣ «ዙሪ ልጄ! ዙሪ!» ብለው ጮኹ፤ ያን ጊዜ የሁሉም ሰው ልጅ ሆነች። ሲያልቅ ማንም ቶሎ አልሄደም። እኒያው እናት ወንበር ለሚሰበስቡት ልጆች «መቼ ነው ደግሞ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ይዤ አዳራሽ ፍለጋ ሄድሁ። አንድ ቢሮ ደብዳቤ ጻፍ አለኝ፤ ጻፍሁ። ሁለተኛው ቢሮ ጉዳዩ የመጀመሪያው ነው አለኝ። ሦስተኛው ቢሮ በመልካም አቀባበል ወንበር ሰጥቶ፣ አሳቡ ጥሩ ነው፣ ቁልፉ ግን እኛ ዘንድ አይደለም አለኝ። በሦስቱም ቢሮ ያገኘኋቸው ሰዎች ትሑታን ነበሩ፤ ከሦስቱም ቁልፉ ያለበትን የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ የአዳራሹን ቁልፍ የያዙት ሰው ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ከሆነ በዚሁ ዓምድ ቢመልሱልኝ እወዳለሁ። አንሶላውን አጥበን አስቀምጠነዋል፤ ወንበሩም፣ ለቅሶ ካልመጣ፣ ለመጪው እሑድ ዝግጁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የአዳማ ነዋሪ