እህቶቻችን በዝምታ የሚሸከሙት ሕመም

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ የተባለች ሶሓቢያ ደሟ አልቆም ቢላት ሶላት መተው ይኖርባት እንደሆነ ልትጠይቃቸው ሄደች። እርሳቸውም ይህ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ አለመሆኑን፣ የሐይዷ ቀናት ሲያበቁ ታጥባ መስገድ እንዳለባት ነገሯት። የፊቅህ ሊቃውንት ኢስቲሓዳን ሲያስተምሩ ይህን ሐዲስ ያነሳሉ። እኛ ዛሬ ያነሳነው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ሶሓቢያዋ ሐያእ እያላት ስለ ሰውነቷ ከመጠየቅ አልተመለሰችም።

ስንት እህቶቻችን ናቸው የሆዳቸውን ሕመም ከእናታቸውም ከባላቸውም ደብቀው፣ ጎረቤት የሰጠቻቸውን እንክብል እየዋጡ ወራት የሚገፉት!

ሶላቷን የምትጠብቅ ሴት የሐይዷን መግቢያና መውጫ ትቆጥራለች። ሐኪምም መጀመሪያ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ከልማዷ በላይ የሚበዛና የሚረዝም ደም ከማህጸን ዕጢ (ማዮማ) ወይም ከሆርሞን መዛባት ሊመጣ ይችላል፤ ውሎ ሲያድርም ለደም ማነስ ይዳርጋል። በሁለት ሐይድ መካከል፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ሐይድ ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ የሚታይ ደም ደግሞ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር ይገባል። "ኢስቲሓዳ ነው፣ ሶላት አይከለክልም" ብሎ መቀመጥ ለሶላቱ መልስ ይሆናል፤ ለሕመሙ ግን አይሆንም።

ስለ ፈሳሽም እንዲሁ ነው። ሽታና ማሳከክ የሌለው ነጣ ያለ ፈሳሽ ጤናማ ነው። እንደ እርጎ የረጋና የሚያሳክክ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የፈንገስ ሕመም ነው፤ ይህ የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። በእርግዝና፣ በስኳር ሕመም ወይም አንቲባዮቲክ በመውሰድ ሊከሰት ይችላል። ይህን ባለማወቅ ሚስቱን በክፉ የሚጠረጥር ባል ምን ያህል በደል እንደሚፈጽም እናስተውል። ለጦሀራ ብለው ብልታቸውን ወደ ውስጥ በሳሙና የሚያጥቡ እህቶችም አሉ። ጦሀራ ይህን አያስገድድም፤ ሳሙናው ግን አላህ ለመከላከያ ያኖራቸውን ጠቃሚ ተህዋስያን ያጠፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ምልክት የማያሳየው ነው። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ጨብጥም በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ሳይታከም ሲቀር ወደ ማህጸን ቱቦዎች ወጥቶ ያቆስላቸዋል፣ ጠባሳውም ሊዘጋቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ እርግዝና እምቢ ይላል፤ ወይም ጽንሱ በቱቦው ውስጥ ያድርና ቱቦው ሲፈነዳ የእናቲቱን ሕይወት ለአደጋ ይጥላል። ልጅ ሲታጣ ግን ወቀሳው በሚስት ላይ ይወርዳል፤ ቤተሰብ ፍቺ ወይም ሌላ ሚስት ይመክራል። በሽታውን ያመጣው ባልየው፣ ምናልባትም ከጋብቻ በፊት የያዘውና ራሱም ያላወቀው ሊሆን ይችላል። ደግሞም ከመካንነት ጉዳዮች ወደ ግማሽ በሚጠጉት የወንዱ ጤና ድርሻ አለው። ስለዚህ ባል ሳይመረመር ሚስትን ብቻ ከሐኪም ሐኪም ማዞር ፍትሕ አይደለም። ሕክምናውም ቢሆን ሁለቱ በአንድ ጊዜ ካልወሰዱት በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመለሳል። ጨብጥ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ በመሆኑም ያለ ምርመራ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አያዋጣም።

ነፍሰ ጡር እህቶች የቂጥኝ የደም ምርመራ እንዲያደርጉ አደራ እንላለን። በሽታው ወደ ጽንሱ ተላልፎ ሊገድለው ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል።

የማህጸን በር ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ኤች ፒ ቪ በተባለ በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ ክትባቱ በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ልጅን ማስከተብ ጨዋነቷን መጠራጠር አይደለም፤ ክትባቱ ይበልጥ የሚሠራው ከጋብቻ በፊት ሲሰጥ ነውና። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ እናቶች ደግሞ የማህጸን በርን በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የማየት ምርመራ አለ፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚህ ሴት ባለሙያ እንድትመድቡልኝ ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። ሴት ባትገኝ ግን ሊቃውንት ለሕክምና አስፈላጊ በሆነው መጠን በወንድ ሐኪም መታየትን ፈቅደዋል፤ ባል ወይም ሌላ መሕረም አብሯት ይግባ።