ኑሮ በጠበበ ጊዜ ሰዓት ወዴት ይሄዳል?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ደመወዝ ከሚከፈልበት ቀን እስከሚያልቅበት ቀን ያለውን ርቀት በየወሩ የሚለካ ሰው፣ ገንዘብ ሲያጥር ሰዓትም አብሮ እንደሚያጥር ያውቃል። ሥራ፣ ትምህርት፣ የሰውነት ጤንነትና ዕረፍት አራት ልዩ ልዩ ጉዳዮች መስለው ይታዩናል እንጂ፣ ወጪያቸው የሚከፈለው ከአንድ ሣጥን ነው፤ ይኸውም በሳምንት ውስጥ ካሉት 168 ሰዓቶች ነው። ዛሬ ለመናገር የተነሣሁትም ኑሮ በጠበበ ጊዜ ይህ ሣጥን በምን ሁኔታ እንደሚጎድልና ከአራቱ የትኛው አስቀድሞ እንደሚጎዳ ነው።

የኤኮኖሚ መቀዝቀዝ የሚባለው ነገር በየአገሩና በየዘመኑ መልኩ ይለያያል። አንዳንድ ጊዜ ፋብሪካው ይዘጋና ሠራተኛው ሥራ ፈት ይሆናል፤ በ1929 በፈረንጅ አቆጣጠር የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ በአሜሪካና በኤውሮጳ የደረሰው ይህ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሥራው እንዳለ ሆኖ የገንዘቡ ጉልበት ይደክማል። የመንግሥት ሠራተኛ በይበልጥ የሚያውቀው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝን ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አድርጎታል። ይህ ቀላል ጭማሪ አይደለም። ነገር ግን የቤት ኪራዩና የጤፉ ዋጋ ቀደም ብለው መንገድ ጀምረው ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው የቀረውን ጉድለት በማታ ሰዓቱ ሊሞላ ተገዷል። አንዱ የነጋዴ ሒሳብ ይጽፋል፤ ሌላው የሰው ልጅ ያስጠናል፤ ሌላው ጽሑፍ ይተረጉማል።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። ነገሩ የእኛ ተቃራኒ ቢመስልም ስለ ሰዓት ጠባይ ከእርሱ የበለጠ የሚያስተምር አላገኘሁም።

ከኦስትሪያ ዋና ከተማ ከቪየና ብዙም ሳይርቅ ማሪየንታል የሚባል ትንሽ የሠራተኞች መንደር ነበር። ነዋሪው በሙሉ ለማለት ይቻላል የሚተዳደረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። በዓለም ላይ የመጣው ችግር ፋብሪካውን ባዘጋው ጊዜ መንደሩ በጠቅላላው ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሐንስ ዛይዘል የተባሉ ወጣት ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1931 ወደዚያ ሄደው፣ የሰዉን ኑሮ ወራት ወስደው ተመለከቱ፤ የጻፉትም መጽሐፍ በ1933 ታተመ።

ክቡር አንባቢ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ያገኙ ይመስልዎታል? ከሥራ ነፃ የሆነ ሰው ያነባል፣ ይጫወታል፣ የአትክልት ቦታውን ያሳምራል ብሎ መገመት የሚያስደንቅ አይደለም። የተገኘው ግን ሌላ ነው። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ለመዋሻ የሚከፈለውን ገንዘብ ፈጽሞ አንሥቶ ሳለ፣ ከ1929 እስከ 1931 ባለው ጊዜ ሰዎች የሚዋሱት መጽሐፍ ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ጋዜጣ የሚያነበውም ሰው ቀነሰ። ቀድሞ ተጠብቆ የኖረው የመናፈሻ ቦታ፣ ሊንከባከበው የሚችል ሥራ ፈት ሰው ሞልቶ ሳለ፣ አረም ወረሰው። አጥኚዎቹ በመስኮት ሆነው በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ሰው ሲቆጥሩ፣ ከሦስት ወንዶች ሁለት ያህሉ ያችን አጭር መንገድ ሲያልፉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቆሙ ነበር። ብዙዎቹ ወንዶች የእጅም ሆነ የኪስ ሰዓት መያዝ ትተዋል። ከመኝታ ከተነሡበት እስከ ምሳ ድረስ ምን እንደ ሠሩ ሲጠየቁ በቅጡ የሚመልሱት አጡ።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል። ዕረፍት ዕረፍት የሚሆነው ከሥራ ጋር የሚለየው ወሰን ሲኖረው ነው። ጧት የሚገቡበት፣ ማታ የሚወጡበት ሰዓት በጠፋ ጊዜ ቀኑ እንደ ውሃ ፈሶ ይቀራል። የማሪየንታል ሰው ወሰኑ የጠፋበት ሥራ በማጣት ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ሌላ ሥራ የሚሠራው የከተማችን ሰው ደግሞ ወሰኑ የሚጠፋበት ሥራ በመብዛቱ ነው። ሁለቱም መጽሐፉን አይከፍቱም።

ወሰኑ ሲጠበቅ ምን እንደሚሆንም በዚያው ዘመን ታይቷል። በአሜሪካ በባትል ክሪክ ከተማ የኬሎግ የእህል ፋብሪካ ከታኅሣሥ 1930 ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ ስምንት ስምንት ሰዓት ይፈራረቅ የነበረውን ሥራ አራት ጊዜ ስድስት ስድስት ሰዓት አደረገው። ዓላማው ሥራ ላጡ ሰዎች ቦታ ለማግኘት ነበር። አሠራሩ በአንዳንድ ክፍል እስከ 1985 ድረስ ቆይቷል፤ ይልቁንም ሴቶቹ ሠራተኞች አጥብቀው ይዘውት ነበር። ይህን የምናገረው መሥሪያ ቤቶቻችን በስድስት ሰዓት ይዘጉ ለማለት እንዳይመስል አደራ እላለሁ፤ ባለጉዳዩ ምን ይለናል!

አሁን ወደ ራሳችን ሒሳብ እንመለስ። ብዙ ዘመን የተለመደው የመንግሥት ሥራ ሰዓት ሲደመር በሳምንት 39 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ቢተኙ በሳምንት 56 ይሆናል። በታክሲና በአውቶቡስ ሰልፍ በየሥራ ቀኑ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ 10 ነው። የማታ ተማሪ ከሆኑና በሳምንት አራት ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢማሩ ሌላ 10 ይጨመራል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ 53 ሰዓት ይተርፋል። በወረቀት ላይ እጅግ ብዙ ነው። የት እንደሚገባ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ችግር በመጣ ጊዜ ሰው የሚቆርጥበት ቅደም ተከተል በአብዛኛው አንድ ነው። አስቀድሞ ጨዋታና ዕረፍት ይቀራል፤ ቀጥሎ የሰውነት እንቅስቃሴ፤ ቀጥሎ ትምህርት፤ በመጨረሻም እንቅልፍ። ምክንያቱም የጎን ሥራ ዋጋውን በዚያው ሳምንት ይከፍላል፣ ትምህርት ግን ዋጋውን የሚከፍለው ከዓመታት በኋላ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያሳዝነው ሁለት ዓመት ተምሮ በሦስተኛው የሚያቋርጠው የማታ ተማሪ ነው። የከፈለው ገንዘብ አይመለስለትም፤ ለዕድገት በሚወዳደርበት ጊዜም ግማሽ ዲግሪ የሚባል ማስረጃ የለም። ክፍያው የከበደው ሰው ትምህርቱን በጠቅላላው ከመጣል፣ የሚወስደውን የትምህርት ዓይነት ቀንሶ ስሙ ከመዝገብ ሳይፋቅ ቢቆይ ይሻለዋል። ለዚህም የትምህርት ቤቱን ሬጅስትራር አስቀድሞ፣ ክፍያው ካለፈበት በኋላ ሳይሆን፣ ማነጋገር ያስፈልጋል። የማጥኛ ቦታ ለቸገረው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርም ሆነ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አሉ። ቤት ውስጥ ሕፃናት በሚንጫጩበት ክፍል በሦስት ሰዓት የሚጠናውን፣ እዚያ በአንድ ሰዓት መጨረስ ይቻላል።

ስለ ሰውነት ማጠንከር ብዙ መናገር አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ፈጠን ብሎ መራመድ ከዚህ ይቆጠራል። 150 ደቂቃ ማለት በሥራ ቀኖች ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ከታክሲ አንድ ሁለት ፌርማታ አስቀድመው ቢወርዱ፣ ከዚያው በሰልፍ ከሚጠፋው 10 ሰዓት ላይ ተቀንሶ ይገኛል፤ ኪስም ትንሽ ያርፋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ስለሆነች ዳገቷን መውጣት ራሱ ልብና ሳንባን ያሠራል። በታክሲ ተሳፍሮ ሄዶ በጂም ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ለመራመድ በየወሩ የሚከፍለውን ወዳጄን ግን አልወቅሰውም፤ ዝናብ አይመታውም።

ዕረፍትን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በገንዘብ የሚገዛው ጨዋታ ሲወደድ ሰው ከሰው መገናኘትን አብሮ ይተዋል፤ ቡና መጋበዝ ስለ ከበደው ወዳጁን ይሸሻል። በማሪየንታልም ማኅበሮች የተዳከሙት አባሎቻቸው ጊዜ ስላጡ አልነበረም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ የቤት ቡና፣ ወይም በኅዳር 2011 ዓ.ም. በተጀመረው የመንገድ ለሰው ቀን ልጆችን ይዞ በእግር መሄድ ከዕቁብ ገንዘብ አያስጎድልም።

አሁን ያን 53 ሰዓት እንደገና እንመርምረው። በማሪየንታል መንገድ ላይ ሲቆም ሲቀመጥ የታየው ወንዱ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ፈጠን ብለው ያልፉ ነበር፤ ፋብሪካው ቢዘጋም ምድጃው አልተዘጋላቸውምና። በእኛም ቤት ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቢሮ አብረው ይወጣሉ። እርሱ ወደ ማታ ትምህርቱ ይሄዳል፤ እርሷ ወደ ወጡና ወደ ልብሱ ትሄዳለች። ስለዚህ ቀደም ብዬ ያወጣሁት ሒሳብ በአብዛኛው የባል ሒሳብ ነው። የእርሷ ትርፍ ሰዓት ስንት እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ቢኖር፣ የልጆቹን አንድ አሮጌ ደብተር ወስዶ ገጹን በሁለት ዓምድ ይክፈል፤ በየማታው ሁለቱም ሰዓታቸው የት እንደ ገባ ይጻፉ። ከሰኞ ጀምረው እሑድ ማታ ቢደምሩት ይበቃል። የእርሷም ዓምድ ለማታ ትምህርት የሚሆን አራት ማታ ይወጣው እንደሆነ፣ ወይም የወጡ ድስት ለሁለት ማታ ወደ እርሱ መዞር ይገባው እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ደብተሩን መካከል አስቀምጠው ይነጋገሩበታል።