በኦንላይን አገልግሎት የክፍያ አማራጭ ሲመርጡ በሥርዓቱ ውስጥ ምን ይከናወናል?

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ወረዳ የሚኖር ተገልጋይ ለአንዳንድ አገልግሎቶች ደሴ ድረስ ሳይጓዝ በእጅ ስልኩ ማመልከትና መክፈል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዩ የክፍያ አማራጭ በሚመርጥበት ጊዜ ከገጹ በስተጀርባ የሚከናወነውን አሠራር ያብራራል። አሠራሩን ማወቅ ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይጠብቃል።

ምርጫው የሚደረገው መቼ ነው?

የክፍያ አማራጮች በየጊዜው ይጨመራሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀምረዋል። የማመልከቻው ፕሮግራም ከአንድ የክፍያ ዓይነት ጋር ተጣብቆ ቢጻፍ፣ አዲስ አማራጭ በመጣ ቁጥር እንደገና መጻፍ ያስፈልገው ነበር።

ይህንን ለማስቀረት ባለሙያዎች ዳይናሚክ ዲስፓች የተባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ። ማመልከቻውን የሚያስተናግደው ፕሮግራም የሚያውቀው ሦስት ትእዛዞችን ብቻ ነው፦ ክፍያ ጠይቅ፣ ውጤቱን አረጋግጥ፣ ደረሰኝ አቅርብ። ለእያንዳንዱ የክፍያ ዓይነት እነዚህን ትእዛዞች የሚፈጽም ኦብጀክት፣ ማለትም ራሱን የቻለ የፕሮግራም አካል ይዘጋጃል። ከእነዚህ መካከል የትኛው ሥራውን እንደሚረከብ የሚወሰነው ፕሮግራሙ ሲጻፍ ሳይሆን የተገልጋዩ ጥያቄ በደረሰበት ቅጽበት ነው። ይህም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የቀረበለትን ማመልከቻ አይቶ ለሚመለከተው ባለሙያ እንደሚመራው ያለ ነው።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

1. ሥርዓቱ የሚመርጠው አስቀድሞ ከተፈቀደ ዝርዝር ውስጥ ብቻ መሆን አለበት።
2. የማይታወቅ ምርጫ ሲደርሰው በግምት ወደ ሌላ አማራጭ ከመምራት ይልቅ ጥያቄውን ማቆምና ለተገልጋዩ ማሳወቅ ይኖርበታል።
3. የተመረጠው አማራጭ ከማመልከቻው ቁጥር ጋር ተመዝግቦ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ሳይለወጥ መቆየት አለበት። መልስ ዘገየ ማለት ክፍያው አልተፈጸመም ማለት አይደለም፤ ገንዘቡ ተቀንሶ ማረጋገጫው ብቻ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

የማንነት ማረጋገጫ በምን ይለያል?

ተመሳሳይ አሠራር በማንነት ማረጋገጫም ላይ ይሠራል። ለፋይዳ ሲመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ በኋላም ማንነት በአሻራ ወይም በስልክ በሚላክ የአንድ ጊዜ ኮድ ሊረጋገጥ ይችላል። በእርሻ ወይም በግንባታ ሥራ ምክንያት የጣቱ አሻራ የደበዘዘ ሰው በአሻራ ማረጋገጥ ቢያቅተው፣ አገልግሎቱ የሚፈቅድ ከሆነ ወዲያውኑ በሌላ መንገድ ሊሞክር ይችላል። ያልተሳካ የአሻራ ሙከራ ገንዘብ አያስወጣም። ክፍያን ግን ውጤቱ ሳይታወቅ በሌላ አማራጭ መድገም ድርብ ክፍያ ሊያስከትል ይችላል።

ከተገልጋዩ የሚጠበቅ

• ከመክፈልዎ በፊት የማመልከቻውን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ያመሳክሩ።
• ኔትወርክ ቢቋረጥ ወይም ገጹ ቢዘጋ በሌላ አማራጭ ከመክፈልዎ በፊት የሒሳብዎን እንቅስቃሴ ይመልከቱ።
• ገንዘቡ ተቀንሶ ማመልከቻው «አልተከፈለም» የሚል ከሆነ፣ ድጋሚ ሳይከፍሉ የግብይቱን ቁጥር ይዘው አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም ያመልክቱ።
• የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝዎን ያስቀምጡ። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም።
• የሚስጥር ቁጥርዎንና የአንድ ጊዜ ኮድዎን ለማንም አይስጡ፤ ክፍያዎን ለማጣራት የሚያስፈልገው የግብይቱ ቁጥር እንጂ የሚስጥር ቁጥርዎ አይደለም።