ስለ መሥሪያ ቤት ምሳና ስለ ቤት ማእድ

ከጧት እስከ ማታ በወንበር ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው እንደሚያርስ ገበሬ ቢበላ ሰውነቱ መክበዱ አይቀርም። ይህንንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ዐውቆ መተው አስቸጋሪ ነው። በጃፓን አገር ይህን ችግር በደንብ ለማቃለል ሞክረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና መድን ማኅበሮች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 ዓመት የሆኑትን አባሎቻቸውን በየዓመቱ እንዲያስመረምሩ ታዘዙ። ምርመራውም ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን በእርሱ ስም መድን ለተገባላት ሚስቱም ጭምር ነው። የወንድ ወገብ 85፣ የሴት ወገብ 90 ሳንቲሜትር የደረሰ እንደ ሆነ፣ የደም ግፊቱ ወይም የደሙ ስኳርና ስብ ታይቶ ስለ አበላሉ ምክር ይሰጠዋል። ማኅበሩ ሥራውን ቢያጓድል የሚከፍለው መዋጮ ይጨመርበታል። ቅጣቱ በባለ ወገቡ ላይ አለመሆኑ ደግ ነው።

ነገር ግን ምክር ብቻውን ምን ያህል ይረዳል? በ2020 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ምክር እንዲሰጣቸው የተመደቡት ወንዶች በመጀመሪያው ዓመት የቀነሱት ክብደት በአማካይ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ሦስትና አራት ዓመት ሲያልፍም ልዩነቱ ጠፋ።

በቶኪዮ ከተማ ያለው ታኒታ የሚባለው ሚዛን ሠሪ ኩባንያ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ይህ ኩባንያ የሰውን ክብደትና በሰውነቱ ያለውን የስብ መጠን የሚያሳዩ ሚዛኖች እየሠራ ይሸጣል። የሚዛን ነጋዴ ሠራተኞቹ ሲወፍሩ ዝም ብሎ ቢያይ ገበያተኛው ይስቅበት ነበርና፣ በ1999 ዓ.ም. ለሠራተኞቹ ምሳ ቤት አቆመላቸው። በዚያም ሩዝ፣ ሾርባ፣ አንድ ዋና ምግብና ሁለት ዓይነት የአትክልት ምግብ አንድነት ይቀርባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 500 ካሎሪ ያህል ነው፤ አትክልቱ ብዙ፣ ጨውና ዘይቱ ጥቂት ነው።

የቤት እመቤቶች ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የአሠራሩን ብልሃት ነው። አትክልቱን ተለቅ ተለቅ አድርገው ይቆርጡታል፤ ፈጽሞ ሳይበስልም ጠንከር እንዳለ ያወጡታል። እንዲህ ሲሆን በላተኛው ደኅና አድርጎ ሳያኝክ መዋጥ አይችልምና፣ ጥቂት በልቶ የጠገበ ይመስለዋል። ወጥ ሠሪ ሁሉ ሥራውን የሚመዝነው በልስላሴው ነውና፣ ይህን ለመቀበል መጀመሪያ ሳያስቸግር አይቀርም።

በ2010 ዓ.ም. ኩባንያው የምግቦቹን አሠራር በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉም ከነተከታዩ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ፤ የፋብሪካው ምሳ በዚህ ምክንያት ወደ ቤተ ሰብ ማእድ ገባ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በማሩኖቺ ሰፈር ለማንኛውም ሰው የሚያገለግል ምግብ ቤት ተከፈተ። እንግዳው ሩዙን ራሱ በሚዛን እየለካ ይወስድ ነበር። በገበታው ላይም 20 ደቂቃ የሚቆጥር ትንሽ ሰዓት ተቀምጦለት ነበር፤ ሆድ መሙላቱን አእምሮ የሚረዳው ከዚህ ጊዜ በኋላ ነው ስለሚሉ፣ ሰዓቱ እስኪጮህ ድረስ እያኘከ ይቆይ ነበር።