ለሥራ ሲያመለክቱ የትኛውን መረጃ ይስጡ?

በሰው ሀብት ሥራዬ ዘወትር የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ገና ለመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የእናት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የፋይዳ መታወቂያ ፎቶ ጭምር የሚልኩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለመመልመል እኮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም! ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የሚኖሩበት ከተማ፣ ትምህርትና የሥራ ልምድ ይበቃል።

የግብር ከፋይ መለያና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚያስፈልጉት ከተቀጠሩ በኋላ፣ ለደመወዝ ነው። በቴሌግራም ማስታወቂያ ሳይፈትንዎ እነዚህን የሚጠይቅ ካለ ይጠርጥሩ። በስልክዎ የገባውን የማረጋገጫ ኮድ «ላክልኝ» ለሚልማ በፍጹም አይስጡ።

የመታወቂያ ወይም የዲግሪ ኮፒ መላክ ግድ ከሆነ፣ የድርጅቱን ስም፣ ቀኑንና «ለሥራ ማመልከቻ ብቻ» የሚል ጽሑፍ በላዩ ላይ ይጻፉበት። ለሪፈረንስ የሚጠቅሷቸውን ሰዎችም አስቀድመው ያስፈቅዱ።

ሕጉም ከጎንዎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ማዳላትን ይከለክላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሚሰበሰበው መረጃ ለዓላማው ከሚያስፈልገው እንዳያልፍ ያዛል። «ይህን ለምን ፈለጋችሁት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሳይፈሩ ይጠይቁ።