ከአንኮበር እስከ ጓሳ፤ የደጋ ላይ እንግዳ ማረፊያና የሙቅ መታጠቢያ ንግድ

የውጭ አገር እንግዳ በአገራችን አድሮ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ቡና ወይም ሰሊጥ ባሕር ተሻግሮ ከሚያስገኘው የውጭ ምንዛሪ በምንም አይለይም። ልዩነቱ ሸቀጡ ከአገር ሳይወጣ ገዥው ራሱ ወደ ሸቀጡ መምጣቱ ብቻ ነው። ይህ ንግድ በሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ እንዲሁም በአጎራባቹ በአንኮበር እንዴት ሊካሄድ እንደሚችል፣ በተለይም «ስፓ» የተባለው የቅንጦት መታጠቢያ በዚያ ከፍታ ላይ ምን እንደሚጠይቅ ለአንባቢዎቻችን መግለጥ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

አንኮበር ለነጋዴ እንግዳ ስም አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸውን በዚያ ተራራ ላይ አድርገው ሸዋን ሲገዙ፣ ከግርጌው ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚመነዘረውም በዚያ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ሻምበል ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ ከመጣ በኋላ፣ ከንጉሡ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ፣ የጥንቱን አሠራር የሚመስል የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም እስከ አንኮበር ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ነው። መኪና ግን ከኮረብታው ጫፍ ስለማይደርስ የመጨረሻው መንገድ በእግር የሚወጣ ነው። ከኮረብታው ሆኖ ወደ ቆላው የሚመለከት ሰው የጥንቶቹ ነገሥታት ስለ ምን ያን ስፍራ እንደመረጡ አስረጂ አያሻውም። ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በሌላ ዓለም የማትገኘውን የአንኮበር ሰሪን የተባለችውን ትንሽ ወፍ ለማየትም ከሩቅ አገር የሚመጡ አሉ።

ወደ ሰሜን ሲኬድ የመንዝ ጓሳ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ያለው ይህ የጓሳ ሣር አገር፣ ከ17ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በራሳቸው ሕግ ሲዘጉትና ሲከፍቱት የኖሩት ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እስካሁን የቆዩት በዚህ ጥበቃ ነው። በዚያም ማኅበረሰቡ የሚጠቀምበት አነስተኛ ማረፊያ ቤት ተሠርቷል። የቅንጦት ቤት ግን አይደለም።

እንግዲህ ስለ መታጠቢያው። ስፓ የሚለው ቃል በማዕድን ውኃዋ ከታወቀች አንዲት የቤልጅግ ከተማ ስም የመጣ ነው። በእኛም አገር እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃ መውረዳቸው ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ሆኗል። ነገር ግን ፍል ውኃ፣ ሶደሬና ወንዶ ገነት ውኃውን መሬት ያሞቀችላቸው ስፍራዎች ናቸው፤ በመንዝ አምባ ላይ ግን ሙቀቱን መግዛት ያስፈልጋል። አንድ የመታጠቢያ ገንዳ 150 ሊትር ያህል ይይዛል። አንድ አህያ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ብትጭን፣ ለአንድ እንግዳ ገንዳ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለባት ማለት ነው። ያንኑ ውኃ ከ10 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ኩበት በሚነድበት አገር በማገዶ ላሙቅ የሚል ባለሆቴል፣ ከገበሬው ምድጃና ከእርሻው ማዳበሪያ ጋራ ይሻማል።

ስለዚህ ገንዳውን ትቶ ወደ እንፋሎት ክፍል ማዘንበል የበለጠ ያዋጣል፤ ለብዙ ሰው ጥቂት ውኃ ይበቃዋልና። የወሎ ሴቶች የሚያውቁት የወይባ ጢስም ቢታከልበት፣ እንግዳው በአገሩ የማያገኘው ነገር ይሆናል። ከባሕር ማዶ የተቀዳ ገንዳ ግን በየትም አለ። የፀሐይ ማሞቂያ ለማስመጣት የሚያስቡም፣ የደጋው ፀሐይ ብርቱ ቢሆንም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድ መሆኑን ልብ ይበሉ። ውኃው በቀጥታ የሚዘዋወርበት ርካሽ ዓይነት ሌሊት በረዶ ሠርቶ ቧንቧው ይፈነዳል፤ የማይረጋ ፈሳሽ በውስጡ የሚዞርበትን መምረጥ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ያለው ዋጋ ከፍ ስላለ፣ ዕቃን ሁለት ጊዜ መግዛት የሚያስችል ትርፍ በዚህ ሥራ የለም። በነገራችን ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም፤ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ለሚሸጥ ባለሱቅ ይህ መልካም ወሬ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ ለምን ይወጣል? ሂሳቡ እነሆ። ዐሥር ክፍል ያለው ቤት በዓመት 3,650 የአልጋ ሌሊት ለሽያጭ ያቀርባል እንበል። እንግዳው ከአዲስ አበባ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ የሚመለስ ከሆነ፣ ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሞላ እንኳ የሚሸጠው 520 ብቻ ነው፤ ይኸውም ከመቶ 14 ነው። ዘበኛውና ወጥ ቤቱ ግን የወር ደመወዛቸውን ይቀበላሉ፤ የባንክ ወለድም ክፍሉ ባዶ ነው ብሎ አይቆምም። መታጠቢያው ያንኑ እንግዳ ዓርብ ማታ እንዲመጣ ቢያደርገው ሽያጩ እጥፍ ይሆናል። የስፓ ጥቅም ከመታጠቢያው ክፍያ ይልቅ በዚች አንዲት ተጨማሪ ሌሊት ላይ ነው።

ለአካባቢው ባለሱቅ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ማእድ ቤቱ ከየት ይገዛል የሚለው ነው። የመንዝ በግ፣ ገብስ፣ ማርና ቅቤ በቅርብ ሳሉ ሁሉም ከአዲስ አበባ በመኪና የሚጫን ከሆነ፣ ለመንደሩ የሚቀረው የመኪናው አቧራ ነው። በአልጋ ላይ የሚነጠፈውም የመንዝ ባና ሊሆን ይገባዋል፤ እንግዳው ሌሊት ከሞቀው ጠዋት ሊገዛው ይጠይቃልና። ባለሱቁም በበኩሉ በግ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ገዥ እንደሚያንሰው፣ በክረምት ጭጋግና ጭቃ እንግዳ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ማስላት አለበት። በዱቤ የሚያቀርብም የክፍያውን ቀን በጽሑፍ ይያዝ።

ከሁሉ በላይ ግን እንግዳ ያለ ሰላም አይመጣም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ቡና ላኪ መንገድ ቢዘጋበት ከረጢቱን በመጋዘን ያቆያል። ያልተሸጠ የአልጋ ሌሊት ግን በነጋታው አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ገንዘቡን የሚያውል ሁሉ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለ እንግዳ ሠራተኞቹን ይዞ ሊቆይ የሚችልበትን ጥሪት ለይቶ ሳያስቀምጥ መሠረት እንዳይጥል እንመክራለን። ጣሪያውን በጓሳ ሣር ለመክደን የሚሻም፣ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ የሚወስነው ማኅበረሰቡ ስለሆነ፣ ከግንበኛው አስቀድሞ ከእነርሱ ጋራ ይነጋገር።