ሰንሰለቱ ከተፈታም በኋላ

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራና አካባቢው መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ዞረው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን አነጋገሩ። ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው የተለዩ 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ያህል ክትትል ሲደረግላቸው 121ዱ ሞቱ። የሞቱትም ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ራስን ማጥፋት፣ አደጋና ግድያም ብዙዎችን ወስደዋል።

እነዚህን ሞቶች ነጣጥሎ ማየት የሚያሳስት ይመስለኛል። ትኩሳት ሲይዘው ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ያጣ ሰውና መኖር ሲያስጠላው የሚያዋየው ያጣ ሰው አንድ ሰው ነው።

ቡታጅራ ባለችበት በጉራጌ፣ በሶዶ ወረዳ፣ የታመመ ልጃቸውን በሰንሰለት ያሰሩ ወላጆችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች አሉ። ከጭካኔ ይልቅ ያገኙት ድካምና እንባ ነው። እናት ገበያ መውጣት አለባት፤ አባት እርሻ ላይ ነው፤ ልጁ ከቤት ከወጣ ገደል ይገባል ወይም ሰው ይመታዋል ብለው ይሰጋሉ። ፀበል ተሞክሯል፤ ከብት ተሽጧል። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ነው።

ዛሬ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በጤና ጣቢያ የሚሰጡ የሠለጠኑ ነርሶች አሉ። ይሁንና ክኒኑ ብዙ ጊዜ ረሃብ ያመጣል፤ አንዳንዱ ታማሚ በእጥፍ ይበላል። እንጀራው ለልጆች ብቻ በሚበቃበት ቤት ክኒኑ ይቆማል፤ ሕመሙም ያገረሻል። ከዚያ «መድኃኒቱን እንቢ አለ» ይባላል።

ስለዚህ በሶዶ ሌላ መንገድ ተሞከረ። የአካባቢው ተወላጆች ጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው ቤቱ ድረስ እየሄዱ ይጠይቁት ጀመር። ክኒኑን ማን እንደሚያስታውሰው ከቤተሰቡ ጋር ይመክራሉ፤ ገላውን እንዲታጠብ፣ ውኃ እንዲቀዳ፣ ወደ ሥራው ቀስ በቀስ እንዲመለስ ያግዙታል። የዕድር ዳኛና የሃይማኖት አባት ዘንድም ሄደው ታማሚው ከሰው እንዳይገለል ይነጋገራሉ። 166 ታማሚዎች የተሳተፉበት የዚህ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል፤ ከዓመት በኋላ ይህን ድጋፍ ያገኙት ታማሚዎች የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት በተሻለ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለዋል።

ሥራው የተራቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም። ደመወዝ፣ የትራንስፖርት ገንዘብና የማይቋረጥ መድኃኒት ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ የመንግሥት በጀት ጉዳይ ነው፣ በጥናት ገንዘብ ብቻ ሊቆም አይገባም። ዕድሮቻችንም ቢሆኑ ሰው ሲሞት ለመድረስ የሚያውቁበትን ያህል፣ በሕይወት ሳለ ደጁን ቢረግጡለት ምን አለበት? ለታማሚው ቤት አንድ ቁና ጤፍ መድኃኒቱን የሚያስቀጥል ድጋፍ ነው።

እናንተም ቤታችሁ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ፣ «እግዜር አይወድም» ብላችሁ አታስቁሙት። ራሱን ለመግደል አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። ፀበሉንም ከፈለገ ይጠመቅ፣ ክኒኑን ግን አያቋርጥ።